ሳይቃጠል በቅጠል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

 

«ሳይቃጠል በቅጠል» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እሳቱ ገና ሣር ላይ ሳለ አንድ ሰው እርጥብ ቅጠል ይዞ ቢመታው ይጠፋል። ጣራ ላይ ከወጣ በኋላ ግን መንደሩ በሙሉ ውኃ ቢያመላልስም ላይበቃ ይችላል። ይህ ነገር ለእኛ ለአይሻ ሰዎች በጣም ግልጽ ነው። የአይሻን ነፋስ ታውቁታላችሁ። ለኤሌክትሪክ ማመንጫ የተመረጠ ነፋስ ነው። እንዲህ ባለ ነፋስ ውስጥ የጎረቤቱ ቤት ሲቃጠል እጁን አጣጥፎ የሚያይ ሰው፣ እሳቱ ወደ እርሱም እንደሚመጣ አላስተዋለም ማለት ነው።

ጥላቻም እንዲሁ ነው። ሲጀምር ትንሽ ነው፤ አንድ ቃል፣ አንድ ስድብ፣ አንድ ወሬ ብቻ ነው። ሲያድግ ግን ቤት ያቃጥላል፣ ሰው ይገድላል፣ አገር ይበትናል። ታዲያ ጥላቻን ገና ሣር ላይ ሳለ የምናጠፋበት ቅጠል ምንድን ነው? እኔ አንድ መልስ አለኝ። እርሱም የአንድን ሰው ጥፋት በወገኑ ሁሉ ላይ አለመቁጠር ነው። ይህ ለመናገር ቀላል ነው፤ ለማድረግ ግን ድፍረት ይጠይቃል። ለምን እንዲህ እንደምል በዚህ ትምህርት አብረን እንመለከታለን።

ጽናትና አክራሪነት አንድ ናቸውን?

ብዙ ጊዜ «አክራሪ» የሚል ቃል ትሰማላችሁ። አንዳንድ ሰዎች የሚጾመውን፣ የሚያስቀድሰውን፣ ወይም በቀን 5 ጊዜ የሚሰግደውን ሁሉ አክራሪ ይሉታል። ይህ ስሕተት ነው። በእምነቱ የጸና ሰውና አክራሪ ሰው የተለያዩ ናቸው። የጸና ሰው ስለ እምነቱ ራሱ መከራ ይቀበላል። አክራሪ ግን ስለ እምነቱ ወይም ስለ ዘሩ ብሎ ሌላውን መከራ ያስቀብላል። ሰማዕታት የጸኑ ነበሩ፤ ማንንም አልገደሉም። እነርሱን የገደሏቸው ግን ከእነርሱ የተለየ ሰው በምድር ላይ እንዲኖር አይፈልጉም ነበር።

አክራሪነት በሃይማኖት ስም ብቻ አይመጣም። በዘር ስምም ይመጣል፣ በቋንቋ ስምም ይመጣል። ልብሱ ይለያያል እንጂ የሚናገረው ነገር አንድ ነው። «እነርሱ ሁሉም አንድ ናቸው፤ ሁሉም ጠላቶቻችን ናቸው» ይላል። ስለዚህ «ሁሉም» የሚለውን ቃል ስትሰሙ ቆም ብላችሁ አስቡ። ሰው የሚጠየቀው በገዛ ሥራው ነውና።

ጥላቻ ከየት ይጀምራል?

ጥላቻ ከአፍ ይጀምራል። «አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» ይላሉ አባቶቻችን። ሐዋርያው ቅዱስ ያዕቆብም በመልእክቱ በ3ኛው ምዕራፍ አንደበትን ታላቅ ጫካ ከምታቃጥል ትንሽ እሳት ጋር አመሳስሎ አስተምሮናል።

ከራሳችን ከተማ ምሳሌ እንውሰድ። ከደጋ የመጣነው ሰዎች ሶማሌውን «ዋርያ» እያልን ስንጠራ ትሰማላችሁ። «ዋርያ» በሶማልኛ ወንድን መጥሪያ ቃል ነው፤ «አንተ፣ ስማኝ» እንደ ማለት ነው። የሕዝብ ስም አይደለም። በእኛ አፍ ግን የአንድ ሕዝብ ስም፣ አንዳንዴም ስድብ ሆኗል። በሌላው በኩል ደግሞ አንዳንድ የሶማሌ ልጆች «ሐበሻ» የሚለውን ቃል በንቀት ሲናገሩት ሰምታችሁ ትቀየማላችሁ። እኛ በቃላቸው እንደምንቀየም፣ እነርሱም በቃላችን ይቀየማሉ። ጎረቤቴ ስም አለው። አብዲ ወይም ፋጡማ ይባላል። ስሙን ትተን በዘሩ ከጠራነው፣ ሰውየውን ማየት ትተን መንጋ ማየት ጀምረናል ማለት ነው።

በ1986 ዓ.ም. በሩዋንዳ የሆነውን ታላላቆቻችሁ ያስታውሳሉ። በዚያ አገር አንድ የራዲዮ ጣቢያ ቱትሲ የሚባሉትን ሰዎች «በረሮ» እያለ ይጠራቸው ነበር። ሰውን በረሮ ብሎ የለመደ ጆሮ፣ ሰውን እንደ በረሮ መርገጥ አልከበደውም። በ100 ቀናት ገደማ ውስጥ ብዙ መቶ ሺህ ሰዎች ተገደሉ። ከገዳዮቹ ብዙዎቹ ከሩቅ አገር የመጡ ወታደሮች አልነበሩም፤ ጎረቤቶች ነበሩ። ከገጀራው በፊት ቃል እንደ ነበረ ልብ በሉ።

በጅግጅጋ የሆነው

አሁን ወደ ራሳችን ክልል እንመለስ። ይህን ታሪክ ከቤተሰቦቻችሁ ሰምታችሁት ይሆናል። ብዙዎቻችሁ ያን ጊዜ አልተወለዳችሁም ወይም ሕፃናት ነበራችሁ።

ነገሩ በአንድ ቀን አልተነሣም። በመስከረም 2010 ዓ.ም. በምሥራቅ ሐረርጌ በአወዳይ ከተማ ሶማሌ ነጋዴዎች ተገደሉ። በሕግ መጠየቅ የሚገባቸው የገደሏቸው ሰዎች ነበሩ። ቁጣው የወረደው ግን በሌሎች ላይ ነበር። በሶማሌ ክልል ለዘመናት ይኖሩ የነበሩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኦሮሞዎች ቤታቸውን ጥለው ተፈናቀሉ። በኦሮሚያ ይኖሩ የነበሩ ሶማሌዎችም እንዲሁ ተባረሩ። በጅግጅጋ ሻይ የምትሸጥ እናት በአወዳይ ማንን ገደለች? ማንንም አልገደለችም። ዕዳው ግን በእርሷ ላይ ተቆጠረ። ያጠፋውን ትቶ ያላጠፋውን መቅጣት ማለት ይህ ነው።

በዚያው ዓመት፣ ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ ቀኑ ቅዳሜ ነበር፣ ጅግጅጋ ነደደች። በጊዜው የክልሉ ፕሬዚዳንት በነበሩት በአቶ አብዲ መሐመድ ዑመር አስተዳደርና በፌዴራሉ መንግሥት መካከል ጠብ ነበረ። በዚያ ጠብ መካከል «ሄጎ» ተብለው የሚጠሩ የተደራጁ ወጣቶች የሶማሌ ተወላጅ ባልሆኑ ነዋሪዎች ላይ ተነሡ። ሱቆች ተዘረፉ፤ ቤቶች ተቃጠሉ፤ አብያተ ክርስቲያናት ነደዱ፤ ካህናትና ምእመናን ተገደሉ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በቤተ ክርስቲያን ቅጥርና በወታደር ካምፕ ውስጥ ተጠለሉ። በሌሎች የክልሉ ከተሞችም ተመሳሳይ ጥፋት ደረሰ።

ይህን ስናስተምር ልጆች አንድ ጥያቄ ይጠይቁናል። «ታዲያ ሶማሌዎች ጠላቶቻችን አይደሉም ወይ?» ይሉናል። ጥያቄው ከሐዘን የመጣ ስለሆነ አንቆጣም። መልሱ ግን «አይደሉም» ነው። ይህንንም የምንለው ለማባበል ሳይሆን እውነት ስለሆነ ነው። ማስረጃውም እነሆ።

በመጀመሪያ፣ ያ አስተዳደር ከማንም በላይ ያሠቃየው ሶማሌዎችን ራሳቸውን ነበር። በጅግጅጋ «ጄል ኦጋዴን» የሚባል እስር ቤት ነበረ። በዚያ እስር ቤት ያለ ፍርድ ታስረው ሲደበደቡና ሲሠቃዩ የኖሩት ብዙ ሶማሌዎች ናቸው። እስር ቤቱ የተዘጋው በዚያው በ2010 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ አስተዋሉ፤ ቤተ ክርስቲያናችን በተቃጠለበት ሰሞን የእነርሱ ልጆች በእስር ላይ ነበሩ። ያቃጠለን እጅና እነርሱን ያሠቃየ እጅ የተለያየ አልነበረም።

ሁለተኛ፣ በዚያች ቅዳሜ ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸውን በቤታቸው የሸሸጉ ሶማሌ ቤተሰቦች ነበሩ። ወጣቶቹ በር እያንኳኩ በሚፈልጉበት ሰዓት ሰውን መሸሸግ ምን ያህል አስጨናቂ እንደሆነ አስቡት። ቢገኝባቸው እነርሱም ይጠቁ ነበር። ታዲያ «ሶማሌ ሁሉ» የሚል ሰው እነዚህን እናቶች ከገዳዮቹ ጋር ቆጠራቸው ማለት ነው። ይህ በደል ነው።

የእሳቱ ጥያቄና የጌታችን መልስ

በወንጌል ውስጥ ስለዚህ ነገር የተጻፈ ታላቅ ትምህርት አለ። ወንጌላችሁን ገልጣችሁ ሉቃስ ምዕራፍ 9ን ከቁጥር 51 ጀምራችሁ አንብቡ። ጌታችን ወደ ኢየሩሳሌም ሲሄድ በአንድ የሳምራውያን መንደር ሊያድር ፈለገ። የመንደሩ ሰዎች ግን አልቀበልም አሉ። በአይሁድና በሳምራውያን መካከል የቆየ ጠብ ነበርና። በዚህ ጊዜ ደቀ መዛሙርቱ ያዕቆብና ዮሐንስ ተቆጡ። እሳት ከሰማይ ወርዶ መንደሩን እንዲያቃጥል እንዘዝ ወይ ብለው ጠየቁት።

ተመልከቱ ልጆች፤ ለጌታቸው ቀንተው ነበር። ክብሩ የተደፈረ መስሏቸው ነበር። በመንደሩ ውስጥ ግን እንግዳ አልቀበልም ካሉት ሰዎች ሌላ ስንት ሕፃናት፣ ስንት አሮጊቶች፣ ምንም የማያውቁ ስንት ሰዎች ነበሩ? ያዕቆብና ዮሐንስ ይህን አላሰቡም። ጌታችን ዘወር ብሎ ገሠጻቸው። ከዚያም ወደ ሌላ መንደር ሄዱ።

አሁን አንድ ገጽ ግለጡ። በቀጣዩ ምዕራፍ፣ በሉቃስ 10 ላይ፣ በወንበዴዎች ተደብድቦ መንገድ ላይ የወደቀው ሰው ታሪክ አለ። ካህኑ አይቶት አለፈ፤ ሌዋዊውም አይቶት አለፈ። ቁስሉን አጥቦ፣ በአህያው ጭኖ፣ ወደ እንግዳ ማረፊያ ወስዶ ገንዘብ የከፈለለት ማን ነው? ሳምራዊ ነው። ደቀ መዛሙርቱ ትናንት እሳት ሊያወርዱባቸው ከፈለጉት ወገን የሆነ ሰው ነው። ጌታችን የባልንጀራን ትርጉም ሲያስተምር ምሳሌ አድርጎ የመረጠው እርሱን ነው። በአንድ መንደር ያሉ ሳምራውያን በራቸውን ቢዘጉ፣ ሳምራዊ ሁሉ ክፉ አይደለም ማለቱ ነው።

የእኛ ወገን ሲያጠፋስ?

ይህ ትምህርት በሌሎች ላይ ብቻ የሚነበብ አይደለም። በእኛም ላይ ይነበባል።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በምሥራቅ ጎጃም በሞጣ ከተማ፣ በቤተ ክርስቲያን እሳት ተነሣ መባሉን ተከትሎ፣ ብዙ ሰዎች ተሰብስበው መስጊዶችን አቃጠሉ። የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆችም ነደዱ። ያዕቆብና ዮሐንስ የጠየቁትን ጌታችን ሲከለክላቸው፣ በሞጣ ግን ሰዎች ራሳቸው ክብሪት ጫሩ። ድርጊቱን ብዙ ክርስቲያኖችና ሙስሊሞች በአንድ ድምፅ አውግዘውታል።

ሌላም አለ። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. በጎንደር ከተማ በአንድ የሙስሊም አባት ቀብር ላይ የነበሩ ሰዎች ተጠቁ፤ ከ20 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ በስልጤ ዞን በወራቤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። የወራቤ ምእመናን በጎንደር ምን አጠፉ? ምንም። የጎንደር ሟቾችስ ማንን በድለው ነበር? ማንንም። እሳቱ ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ ከተማ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ዘሎ የሄደው በነፋስ አይደለም፤ «ሁሉም አንድ ናቸው» በሚለው ሐሳብ ተጭኖ ነው።

እዚህ በአይሻ እኛ ክርስቲያኖች ጥቂቶች ነን። በሞጣ ደግሞ ሙስሊሞች ጥቂቶች ናቸው። ጥቂት በሆንንበት ቦታ እንዲደረግልን የምንመኘውን፣ ብዙ በሆንንበት ቦታ ልናደርግ ይገባናል። በጅግጅጋ ለተቃጠለው ያለቀሰ፣ ለሞጣውም ያልቅስ። ለአንዱ ብቻ የሚያለቅስ ዐይን ወገኑን ይወዳል እንጂ እውነትን አይወድም።

የማንዴራው አውቶቡስ

አሁን ደግሞ ቅጠሉን በእጃቸው ይዘው እሳት ስላጠፉ ሰዎች እንነጋገር። ታሪኩ የተፈጸመው በኬንያ፣ ከክልላችን ደቡባዊ ጫፍ ጋር በምትዋሰነው በማንዴራ መንገድ ላይ ነው። በዚያም የሚኖሩት አብዛኞቹ ሶማሌዎች ናቸው።

በኅዳር 2007 ዓ.ም. አልሸባብ የሚባለው ታጣቂ ቡድን በዚያ መንገድ አንድ አውቶቡስ አስቁሞ ሙስሊም ያልሆኑትን ለይቶ 28 ሰዎች ገደለ። በዓመቱ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ታጣቂዎቹ ከ60 በላይ ሰዎች የተሳፈሩበትን ሌላ አውቶቡስ ተኩሰው አስቆሙ። እንደ አምናው ሙስሊሞችና ክርስቲያኖች እንዲለዩ አዘዙ። በዚህ ጊዜ ግን ያልጠበቁት ነገር ሆነ። ሙስሊሞቹ አንለይም አሉ። ሴቶቹ ሻሻቸውን አውጥተው ክርስቲያን ሴቶችን አለበሷቸው። ሁላችንንም ግደሉ፣ አለዚያ ተዉን አሏቸው። ታጣቂዎቹም ግራ ተጋብተው ሄዱ።

ነገሩ ያለ ዋጋ አልሆነም፤ ሕይወታቸውን ያጡ ነበሩ። በጥይት ከቆሰሉት አንዱ ሳላህ ፋራህ የሚባል ሙስሊም መምህር ነበር። በሆስፒታል ሲታከም ቆይቶ በጥር 2008 ዓ.ም. ሞተ። የኬንያ መንግሥትም ከሞተ በኋላ የክብር ሽልማት ሰጠው።

ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? ታጣቂዎቹ መሣሪያ ነበራቸው፤ ተሳፋሪዎቹ ግን ባዶ እጃቸውን ነበሩ። ሆኖም ታጣቂዎቹ አንድ ነገር ከተሳፋሪዎቹ ማግኘት ነበረባቸው። ማን ከየትኛው ወገን እንደሆነ የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋቸው ነበር። ተሳፋሪዎቹ ይህን ከለከሏቸው። አክራሪነት የቱንም ያህል ቢበረታ፣ ጎረቤት ጎረቤቱን ካልጠቆመ በስተቀር የፈለገውን ቤት አያገኝም። በጅግጅጋም ያን ቅዳሜ በር ዘግተው ሰው የሸሸጉት ያደረጉት ይህንኑ ነው።

በአገራችን ይህ አዲስ አይደለም። በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከመካ ተሳደው የመጡትን የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች የአክሱም ክርስቲያን ንጉሥ እንደተቀበላቸውና ለአሳዳጆቻቸው አሳልፎ እንዳልሰጣቸው ሙስሊሞች እስከ ዛሬ በምስጋና ይናገራሉ። የተገፋ ሰው አላስነካም።

ታዲያ የአካባቢ ሰው ምን ያድርግ?

ጥላቻን የሚከላከል ሕግ በአገራችን አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185 የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ማሠራጨትን ይከለክላል። ሕግ ጥሩ ነው፤ ፖሊስም ያስፈልጋል። ነገር ግን ፖሊስ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ጭሱ ከታየ በኋላ ነው። ሣሩ ላይ ያለውን ብልጭታ የሚያየው ጎረቤት ነው። ስለዚህ ሥራው የእኛው፣ የአካባቢው ሰዎች ነው።

በአይሻና በዙሪያዋ የሚኖሩት ኢሳ ሶማሌዎች «ሄር ኢሴ» የሚባል ጥንታዊ ሕግ አላቸው። ሕጉ በወረቀት የተጻፈ አይደለም፤ ሽማግሌዎች በቃል ይዘው ለልጆቻቸው ያወርሱታል። ከየጎሣው የተውጣጡ 44 አዋቂዎች እንደደነገጉት ይነገራል። ሰው ከሰው ሲጣላ ሽማግሌዎቹ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሁሉንም ወገን ይሰማሉ፤ ሁሉም እስኪስማማ ድረስ ይመክራሉ። በኅዳር 2017 ዓ.ም. ዩኔስኮ ይህን ሕግ በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል። እኛም ሽማግሌና የንስሐ አባት አለን፤ እድርም አለን። እንግዲህ ከባዕድ አገር መድኃኒት ሳንፈልግ በእጃችን ያለውን እንጠቀም። አስተያየቴን በሦስት እከፍለዋለሁ።

አንደኛ፣ ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች ጠብ ሳይኖር ይተዋወቁ። ቄሱና ሼኹ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገናኙት ሬሳ ከወደቀ በኋላ ከሆነ ዘግይተዋል። በሠርግ፣ በለቅሶ፣ በበዓል ቀን መጠያየቅ ለክፉ ቀን ስንቅ ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የተባለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ ወሬ ሲመጣ አንድ ሰው ሄዶ ያጣራ። «እንዲህ ተባለ» ሲባል፣ «ማን አየ? የት? መቼ?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው በየሰፈሩ ቢኖር፣ ብዙ እሳት ሳይነሣ ይቀር ነበር። ዛሬ ወሬ በስልክ ይበራል፤ ያልሆነ ፎቶግራፍም ይዞ ይመጣል። እንዲህ ከሆነ ማጣራቱ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ያጠፋ ሰው ሲገኝ ሕግ ይጠይቀው፤ ወገኑ ግን አይደብቀው። ይህ ከባድ ነው። ሰው የጎሣውን ወይም የሃይማኖቱን ልጅ መሸሸግ ይወዳል። ነገር ግን ወንጀለኛውን የሸሸገ ወገን፣ ዕዳውን ራሱ ላይ ይጭናል። ወንጀለኛው በስሙ ሲጠራ ወገኑ ነፃ ይወጣል።

አንዳንዶች «ይህ ሁሉ ፈሪነት ነው፤ ፍትሕስ የት አለ?» ይላሉ። ሐዘናቸው ይገባናል። የቀድሞው የክልሉ ፕሬዚዳንት ነሐሴ 21 ቀን 2010 ዓ.ም. ተይዘው ተከሰሱ። በ2016 ዓ.ም. ግን ክሳቸው ተቋርጦ ከእስር ተፈቱ። ይህ ሟች ላላቸው ቤተሰቦች ቀላል አይደለም። ቢሆንም የጎደለ ፍትሕ በበቀል አይሞላም። በቀል ያላጠፋውን ይቀጣል፤ ያላጠፋው የተቀጣበት ቦታ ደግሞ ሁለተኛ የፍትሕ ጉድለት አለበት። ፍትሕን በሕግ መጠየቅ መብታችን ነው፣ አንተወውም። ጎረቤትን መጥላት ግን ፍትሕ አይደለም። ፈሪ የሚባለውም ሰው ሲበደል ዝም የሚል ነው። በማንዴራ መንገድ በጠመንጃ ፊት አንለይም ያሉትን ማን ፈሪ ይላቸዋል?

እናንተ ልጆችስ?

ከእናንተ ማንም ታጣቂ ፊት እንድትቆሙ አይጠብቅም። አደጋ ስታዩ ለወላጆቻችሁና ለመምህራኖቻችሁ ንገሩ፤ ራሳችሁንም ጠብቁ። ነገር ግን የሚከተሉትን ለማድረግ ትንሽ አይደላችሁም።

የጎረቤታችሁን ልጅ በስሙ ጥሩት። የሰላምታ ቃሉንም ተማሩ። እኛ «ሰላም ነው?» እንደምንል፣ ሶማሌዎች «ማ ናባድ ባ?» ይላሉ። «ናባድ» ሰላም ማለት ነው። በሁለቱም ቋንቋ ሰው ጎረቤቱን ሲያገኝ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሰላምን ነው።

ጓደኛችሁ «እነርሱ ሁሉ ሌቦች ናቸው» ቢል፣ «ሁሉንም ታውቃቸዋለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። መሳደብ ወይም መጣላት አያስፈልግም፤ ጥያቄው ብቻ ይበቃል። በስልክ የመጣ የጥላቻ መልእክት ካያችሁ ለሌላ አትላኩ። እናንተ ጋ ሲደርስ ይቁም። ስለ እኛ ወገን ክፉ ሲነገር እንደምታዝኑት፣ በእኛ ቤት ስለ ሌላው ክፉ ሲነገርም እዘኑ። ስለ ሙስሊም ጎረቤቶቻችሁም ጤናና ሰላም ጸልዩ። ሰው የጸለየለትን ሰው ሊጠላው ይከብደዋል።

ልጆች፣ በጅግጅጋ የሞቱትን አባቶችና ምእመናን በጸሎት እናስባቸዋለን። መታሰቢያቸው ግን ጥላቻ እንዳይሆን እንጠንቀቅ። ያለ ጥፋታቸው የሞቱት አንድ ሰው በወገኑ ስም እንዲቀጣ ባስተማሩ ሰዎች ምክንያት ነው። ያንኑ ትምህርት እኛ ከተማርነው በስማቸው ገዳዮቻቸውን መሰልን ማለት ነው። ካልተማርነው ግን፣ ቅጠሉ በእጃችን ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በእምነቱ የጸና ሰውና አክራሪ ሰው በምን ይለያያሉ?
2. በሉቃስ ምዕራፍ 9 የተቆጡት ደቀ መዛሙርት ምን ጠየቁ? በምዕራፍ 10 ያለው የሳምራዊው ታሪክስ ለእነርሱ ጥያቄ እንዴት መልስ ይሆናል?
3. የአወዳይ ነጋዴዎች በተገደሉ ጊዜ የተፈናቀሉት እነማን ነበሩ? ይህ ለምን በደል ሆነ?
4. በማንዴራ መንገድ የነበሩት ተሳፋሪዎች ታጣቂዎቹን ምን ከለከሏቸው?
5. የተለየ እምነት ካላቸው ጎረቤቶቻችሁ የስንቶቹን ስም ታውቃላችሁ? ለሚመጣው ሳምንት የአንድ ሰው ስም ጠይቃችሁ ኑ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።